የሄሱ ክፍል ወለል

ቦክኒምን በስሟ የሚጠራት ሰው በሰፈራችን የለም። እኛ ዘንድ የወለደች ሴት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «የሄሱ እናት» ስንላት ኖርን። ሄሱ በመጋቢት ከሞተ በኋላም ሌላ መጠሪያ ስላልነበረን በዚያው ቀጠልን። እሷም ስትጠራ እንደ ወትሮዋ «አቤት» ትላለች። ሌላ ምን ትበል።

ወደዚህች የከሰል ከተማ፣ ወደ ቴቤክ፣ የመጣችው በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ከሰል ቆፋሪ አግብታ ነው። ያን ጊዜ የቆፋሪ ሚስቶች ባላቸው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ደጃፍ ላይ የቀሩትን ጫማዎቹን አፍንጫቸውን ወደ ቤት አዙረው ያስቀምጡ ነበር፤ የሄደው እንዲመለስ። እሷም አሥራ አራት ዓመት በየማለዳው አዞረች። በአሥራ አምስተኛው ዓመት የጉድጓዱ ጣሪያ ተናደ፣ ጫማዎቹም እንደዞሩ ቀሩ። ሄሱ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ባሏ ጉድጓድ ውስጥ ለቀረባት ሴት ከሰልን ከድንጋይ የመለየት ሥራ ይሰጣት ነበርና ያንን ተቀበለች። አፍና አፍንጫዋን በጨርቅ ሸፍና፣ ከሰሉን ተሸክሞ ከሚሄደው የማሽን ቀበቶ ፊት ቆማ ድንጋይ ስትለቅም አሥራ ሁለት ዓመት ሠራች። ቀኝ ትከሻዋ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው። ማዕድኑ ሲዘጋ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገባች። ለአራት መቶ ልጅ ሩዝ ስትቀቅል ቆይታ በስድሳ ዓመቷ ጡረታ ወጣች።

ሄሱ ሲያድግ የጭነት መኪና ነጂ ሆነ። ማታ ይወጣል፣ ተራራውን ተሻግሮ ዕቃ ያደርሳል፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳል። ዝምተኛ ነበር። ሚስት አላገባም፣ መጠጥ አይወድም፤ የነበረው አንድ እባብ ነው። ዘሩ ከምዕራብ አፍሪካ የሆነ፣ ሁለት ክንድ ተኩል የሚሆን ወፍራም ዘንዶ፤ ሲፈራ ጭንቅላቱን መሐል ደብቆ ይጠቀለላል። ሄሱ «ድንች» ብሎ ጠራው። የእኛን አውራጃ ሰው ሌሎች «ድንቾች» እያሉ ስለሚያሾፉብን ስሙን የሰማ ሁሉ ይስቃል። እናቱ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ እባቡን አንዴም ነክታው አታውቅም። ለምግቡ የሚመጡት በበረዶ የደረቁ አይጦች ማቀዝቀዣው ውስጥ ከተብላላው ጎመን፣ ከኪምቺው ጎን ሲቀመጡ በሁለት ፌስታል ትጠቀልላቸዋለች።

በመጋቢት መኪናው መታጠፊያ ላይ በረዶ አዳልጦት ገደል ገባ።

ብርዱ ሲያልፍ ታላቅ እህቷ ማልሱን ከሳምቾክ ከተማ መጥታ ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። ልብሱን ለሚፈልግ ሰጠች፣ አልጋውን አስወጣች፣ የስልኩን ውል አዘጋች። እባቡንም የሚገዛ ሰው አግኝታ ነበር። ቦክኒም «ይቆይ» አለች። ከሄሱ ነገር ሁሉ እስትንፋስ ያለው እሱ ብቻ መሆኑን ማልሱንም ስለገባት አልተከራከረችም።

ሄሱ የእባቡን የመስታወት ሳጥን ደረት በሚደርስ የብረት መደርደሪያ ላይ ነበር ያቆመው። ቦክኒም በዚያ ትከሻዋ ክዳኑን ማንሳት፣ ውሃውን መለወጥ አልቻለችም። ስለዚህ ሁለቱ እህትማማቾች ሳጥኑን አውርደው ወለሉ ላይ፣ በሙቁ ጥግ አስቀመጡት። የእኛ ቤት የሚሞቀው ከወለሉ ነው፤ ቦይለሩ ያፈላው ውሃ ከወለሉ ሥር በተቀበረ ቱቦ ይዞራል። ውሃው መጀመሪያ የሚገባበት ጥግ ከሁሉ ይልቅ ይሞቃል፣ እዚያ የሚቀመጠውም ሽማግሌ ወይም እንግዳ ነው። ብርድ የማይችል ፍጥረት ከዚያ የተሻለ ቦታ የት ያገኛል?

«እኔ ታላቅሽ በሩ ጋ ተቀምጬ እባብሽ ሙቁ ጥግ ላይ ይንደላቀቃል» አለች ማልሱን። «የአማትሽ ነፍስ ገብቶበት መሆን አለበት። እሷም እንዲህ ነበር የምታይሽ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።»

ቦክኒም አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር አስተካክላ እጇን ታጠበች።

በጋው ያለ ችግር አለፈ። ሥራውን አንድ በአንድ ተማረች። ከሳጥኑ ሥር በአንደኛው ጎን የተለጠፈች ስስ የማሞቂያ ምንጣፍ አለች። ሙቀት የሚለካ ሽቦ ከእሷ በላይ ተጣብቋል፤ ያ ሽቦ ወደ ቴርሞስታቱ ይሄዳል። ሙቁ ጎን ሠላሳ ሁለት ሲደርስ ቴርሞስታቱ ምንጣፏን ያጠፋል፣ ሲወርድ ያበራል። ሌላው ጎን ሃያ ስድስት አካባቢ መሆን አለበት። እባብ የራሱ ሙቀት ስለሌለው ሲበርደው ወደዚህ፣ ሲሞቀው ወደዚያ እየሄደ ራሱን ያስተካክላል። ቦክኒም ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሳለች የማቀዝቀዣውንና የድስቱን ሙቀት በየቀኑ መመዝገብ ግዴታዋ ስለነበር፣ ማንም ሳያዛት አንድ ደብተር አውጥታ የሁለቱን ጎን ሙቀት መጻፍ ጀመረች። ሠላሳ ሁለት፣ ሃያ ስድስት። ሠላሳ ሁለት፣ ሃያ ስድስት። ማልሱን ስልክ ደውላ እንዴት ነሽ ስትላት ይህንኑ ቁጥር ትነግራት ነበር።

በጥቅምት አጋማሽ ብርዱ ገባ። እንደ ሁሉም ቤት እሷም ቦይለሯን አስነሳች። በሳምንቱ ሙቁ ጎን ሠላሳ አምስት፣ በሁለተኛው ሳምንት ሠላሳ ሰባት ሆነ። ድንች አይጥ ሲሰጡት ፊቱን ማዞር ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳህኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ይውላል፣ ከዚያም አፍንጫው እስኪላጥ ከመስታወቱ ጋር ይታገላል።

በካንግኑንግ ከተማ እባቡን ለሄሱ የሸጠው ፒዮ የሚባል ባለ ሱቅ ነበርና ለእሱ ደወለች። ፒዮ በጎ ሰው ነው። መጀመሪያ፣ እባቡ ሽቦውን ገፍቶት ይሆናል አላት፤ ሽቦው ቦታውን ከለቀቀ ቴርሞስታቱ ይታለላል። በሆዷ ተኝታ አየች፤ ሽቦው ቦታው ላይ ነው፣ ቢሆንም ነቅላ እንደገና ለጠፈችው። ለውጥ የለም። ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ አዲስ ላከላት። አዲሱም ያው፤ መብራቱ ጠፍቷል፣ ማለት ምንጣፏን አጥፍቻለሁ ይላል፣ ሙቀቱ ግን ይወጣል። ቴርሞሜትሩ ይዋሽ እንደሆነ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ይንከሩትና ይዩ አላት። ነከረችው፤ ዜሮ አለ። አይዋሽም። በመጨረሻ ምንጣፏን ከነሽቦዋ ነቅላ ሞከረች። ሠላሳ ስድስት።

ፒዮ፣ ቤትዎ ምናልባት በጣም ሙቅ ነው እንዴ ብሎ ጠየቃት። አይደለም፣ ወጥ ቤት ካፖርት ለብሼ ነው የምሠራው አለችው። እውነቷን ነው። ሳጥኑስ የት ነው ያለው? በሄሱ ክፍል፣ ጥሩ ቦታ ላይ። ፒዮ የብረት መደርደሪያውን ስለሚያውቅ፣ ሳጥኑ አሁንም እዚያው ያለ መስሎት ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

በኅዳር መጨረሻ ውሃ ሳህኑን ልትለውጥ ስትል ድንች ከሳህኑ አልወጣ አለ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጇ ነካችው። ስታነሳው ነጭ የነበረው ሆዱ ቀልቶ፣ በሁለት ቦታ ቅርፊቱ ቡኒ ሆኖ አየች። ትራስ ልብስ ውስጥ ከታ፣ ትራስ ልብሱን ሩዝ በምታመላልስበት የምሳ ቦርሳ ውስጥ አድርጋ፣ በአውቶቡስ ወደ ወንጁ ወሰደችው። የእንስሳት ሐኪሙ፣ ይህ ከሥር የመጣ ቃጠሎ ነው አላት። ቀስ ብሎ፣ ለብዙ ቀን የበሰለ። ቅባት ሰጣት። ይህ ሙቀት ካልቆመ ክረምቱን አይጨርስም፣ የማይበላውም ለዚህ ነው አላት። በመልሱ ጉዞ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ቦርሳው ውስጥ ምን ጥሩ ነገር እንዳለ ብትጠይቃት «ድንች» አለቻት። ሴትየዋም ስለ ድንች ዋጋ መወደድ እስከ ቴቤክ አወራቻት።

በማግስቱ በእኔ በር ላይ ቆመች። እኔ ከእሷ ቤት ሥር ነው የምኖረው። ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ የዚህን ሕንፃ ቦይለሮች የምጠግነው እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ሥራ አስፈታሁዎት ይሆን?»

«ምን ሥራ አለኝ። ይግቡ።»

«አልገባም። አንድ ማሞቂያ አለ፤ ነቅዬዋለሁ። ነቅዬውም ይሞቃል።»

በሥራዬ «አልሞቅ አለኝ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ «ተነቅሎም ይሞቃል» ያለኝ ግን እሷ ብቻ ናት። የቱቦ ሙቀት የምለካበትን፣ ከሩቅ የሚያነበውን መለኪያዬን ይዤ ወጣሁ።

ክፍሉ ባዶ ነበር። ከሳጥኑና ከአንድ ትራስ በቀር ምንም የለም። በሩ ተዘግቶ ስለ ቆየ ስንገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ወጥ ቤቷ ግን ትንፋሽ ይታይበታል። ደብተሯን ሰጠችኝ፤ ቆሜ አነበብኩት። ቁጥሩ ቀኑን ሙሉ እየወረደ ቆይቶ ወደ ሌሊቱ መጨረሻ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንድም ቀን አልሳተም። ያን ጊዜ መለኪያውን ወደ ሳጥኑ ሳይሆን ወደ ወለሉ አዞርኩት። አርባ አንድ አለ።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናገር። ከጥቅምት ጀምሮ ከሄሱ ክፍል ሥር ያለው የእኔ ክፍል ጣሪያ ሞቆ ነበር። ማንም የማይተኛበት ክፍል እንደሚሞቅ አውቄያለሁ። የሰው ሐዘን ነው፣ አያገባኝም ብዬ ዝም አልኩ። ሙቀቱም ለእኔ ተርፎኝ የራሴን ቦይለር ቀንሼ ነበር።

«የሄሱ እናት፣ ቦይለሩን ለስንት ሰዓት ነው የሞሉት?»

«ከሌሊቱ ስምንት እንዲነሳ።»

«አሥራ አንድ ላይ እንዲግል።»

«በርዶት ነው የሚገባው» አለች። ከዚያ፣ «ነበር» አለች።

ነገሩ ይህ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሄሱ ሲገባ ወለሉ ግሎ እንዲጠብቀው ቦይለሩን በዚያ ሰዓት ታስነሳው ነበር። የቤቱ ክፍሎች ውሃ የሚከፈልበት ቦታ ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር ነው፤ ለየክፍሉ አንድ አንድ ቫልቭ አለ። የሄሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፣ የእሷ ክፍል በአንድ ጣት ያህል። በጥቅምት ብርዱ ሲመጣ እጇ የለመደውን አደረገ። አስባበት አይደለም። ካሰበችበት ምናልባት አታደርገውም ነበር።

ነገርኳት። ቴርሞስታቱ ጥፋት የለበትም፤ ምንጣፏን ማጥፋት ይችላል፣ ወለሉን ግን ማጥፋት አይችልም። እባቡን ከሥር የሚያበስለው የቤቱ ወለል ነው። በጋውን ደህና የነበረው ቦይለሩ ጠፍቶ ወለሉ ቀዝቃዛ ስለነበር ነው። ሰማችኝ። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ ከሰል የለየች ሴት ቀበቶው ላይ ምን እንደሚያልፍ ስታይ እንደዚያ ነው የምትመስለው።

«ጥሩ ቦታ ነበር የሰጠሁት» አለች።

«ለሰው ጥሩ ቦታ ነው።»

መጀመሪያ ቀላሉን ሞከርን። ከሳጥኑ ሥር አራት የእንጨት ቁራጭ አስገብቼ አንድ ስንዝር አነሳሁት። የወለሉ ሙቀት በቀጥታ መንካቱ ቆመ። ደብተሩ ላይ ግን ቀዝቃዛው ጎን ከሠላሳ አንድ አልወርድ አለ፤ የክፍሉ አየር ራሱ ያን ያህል ነውና። እባቡ ሙቁን ሸሽቶ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ቃጠሎው ቅባት እየተቀባም አይደርቅም፣ መብላትም የለም። ማልሱን በስልክ ይህን ስትሰማ «ወደ ራስሽ ክፍል ውሰጂው ምን ችግር አለው፣ ብቻሽን አይደለሽ? ቢያንስ የሚያንኮራፋ አይደለም» አለቻት። ቦክኒም «የእሱ ክፍል ይህ ነው» ብቻ አለች።

ለእኔም ያንኑ አለች። እኔም አልገፋኋት፤ ያለውን ብቻ ነገርኳት። እባቡ ይውጣ ወይም ቫልቩ ይዘጋ፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። የሐኪሙን ቃል እሷ ታውቃለች።

አምስት ቀን አለፈ። በየቀኑ ጣሪያዬን በእጄ እነካለሁ፤ ሙቅ ነው። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች፣ ደብተሯን እንደያዘች።

«ዛሬ ጭንቅላቱን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ጥሎ ነው የዋለው» አለች። «ጋሼ፣ እኔ ልዝጋው ብዬ ነበር። ቫልቩ እምቢ አለኝ። ትከሻዬ ነው መሰለኝ።»

ወጣሁ። ከማጠቢያው ሥር ገብቼ ያዝኩት። እምቢ የሚል ቫልቭ አልነበረም፤ በሁለት ጣት ዞረ። ይህን አልነገርኳትም። የእሷን ክፍል ደግሞ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ወለሉ ለመቀዝቀዝ ስንት ጊዜ ይወስዳል ብላ ጠየቀችኝ። ሲሚንቶው ሙቀት ስለሚይዝ ሁለት ቀን ይወስዳል አልኳት። ገብታ ሙቁ ጥግ ላይ፣ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ መዳፏን ወለሉ ላይ አደረገች።

«ሰዓቱንስ?» አልኳት። «አሁን የሚሞቀው የእርስዎ ክፍል ነው። ስንት ሰዓት ላይ ልሙላው? ስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?»

አሰበች።

«አላውቅም» አለች። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ግን ያ መነሳት አይደለም።»

እንዳለ ይቆይ ተባብለን ወጣሁ። በማግስቱ መሣሪያዬን ረስቼ ስመለስ እዚያው ጥግ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ ግን ትራሱ ተነጥፏል። በሦስተኛው ቀን ወፍራም ካልሲ አድርጋ አየኋት። የእኔም ጣሪያ ቀዘቀዘ፣ ቦይለሬን ከፍ አደረግሁ። ደብተሩ ላይ ሙቁ ጎን ሃያ አራት ብቻ ሆነና ምንጣፏን መልሳ ሰካች፤ ቴርሞስታቱም ያበራል፣ ያጠፋል፣ ሥራውን ይሠራል። ሠላሳ ሁለት፣ ሃያ ስድስት።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ድንች ቆዳውን ገፈፈ። ቡኒው ቅርፊት ከቆዳው ጋር ወጣ፣ ከሥሩ ያለው ጠባሳ ነጭ ነው። መብላቱ ግን ገና ነበር። በየሳምንቱ የአይጡን በረዶ በሙቅ ውሃ አቅልጣ ታቀርብለታለች፣ ጠዋት እንዳለ ታወጣዋለች፣ ትጽፋለች። «አልበላም።» ይህንንም እንደ ሙቀቱ ቁጥር አድርጋ በአንድ መስመር።

በጥር መጀመሪያ ጠዋት ቆሻሻ ይዛ ስትወርድ ደረጃው ላይ ተገናኘን። በረዶ ይጥል ስለነበር ሻርፕ ተጠምጥማለች።

«በላ» አለችኝ።

«ስንት?»

«አንድ። ሁለተኛውን አየት አደረገና ተወው።»

«ጥሩ ነው። ቀስ እያለ ነው።»

«ፒዮም እንዲህ ነው ያለኝ።» ፌስታሉን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ አዛወረች። ሁለት ደረጃ ወርዳ ቆመች፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

«ጋሼ፣ ያ የቦይለሩ ሰዓት።»

«አቤት።»

«ጠዋት ለአንድ ተኩል ያድርጉልኝ።»

«እስከዚያ ይተኛሉ?»

«አልተኛም። ግን ያድርጉት።»

ወረደች። በረዶው ላይ ቆሻሻውን አስቀምጣ ስትመለስ ጠብቄ አብረን ወጣን፤ ስምንት ሰዓት የሚለውን አጥፍቼ አንድ ተኩል ብዬ ሞላሁት። እሷ አጠገቤ ቆማ አየች፣ ከዚያም ደብተሯን አምጥታ ሰዓቱን ጻፈች።